የልጄ ቤት ከጎልፍ ሜዳ ዳር ነው፤ ልመለስ ወይስ ልቅር?

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 67። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል።

አንድ ልጅ አለኝ። አሜሪካ፣ ከአትላንታ ከተማ ወጣ ብሎ ይኖራል። ካቻምና ግሪን ካርዴን አስጨርሶ ወሰደኝ። ከመሄዴ በፊት በስልክ «እማዬ፣ ሜዳ እያየሽ የምትውይበት ቤት ገዛሁልሽ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ሜዳ ነው። ከጓሮው በር ወጣ ሲሉ ዓይን እስኪደክም አረንጓዴ ነው። ግን የጎልፍ ሜዳ ነው። ከብት አይግጥበት፣ ልጅ አይሮጥበት፣ ሰው አቋርጦት ቤተ ክርስቲያን አይሄድበት። ጨዋታው የኛን ገና ይመስላል፤ በቆልማማ ዱላ ኳስ ይመታሉ። ገና ግን ሆታና ግጥም አለው። እነዚህ ዝም ብለው መትተው ዝም ብለው ይሄዳሉ።

ሰፈሩ የቆየ ነው። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው። ነዋሪው አብዛኛው በዕድሜ የገፋ ፈረንጅ ነው። በመኪና ሲያልፉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ከዚያ የጋራዡ በር ይዘጋል፣ አለቀ። በሄድኩ ሰሞን አንዲት አሮጊት ጎረቤት ኬክ ይዛ መጥታ ነበር። አስተማሪ ብሆንም አነጋገራቸው ቶሎ አይገባኝም። አፈርኩና አመስግኜ ከበሩ ላይ ሸኘኋት።

ልጄ በጠዋት ይወጣል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ምራቴ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። እኔ ኮቴዬ እንዳይሰማ እየተጠነቀቅሁ እውላለሁ። አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ ኳስ የወጥ ቤቱን መስኮት ሰብሮ ገባና ምጣዱ ላይ አረፈ። የመታው ሰውዬ ዞርም አላለ። ጓሮ የሚወድቀውን ኳስ በዘንቢል እሰበስባለሁ። ትንሹ የልጅ ልጄ አብሮኝ ይቆጥራል። በአማርኛ እስከ መቶ መቁጠር የለመደው በዚሁ ኳስ ነው።

ዛላ በርበሬ በረንዳ ላይ አስጥቼ ነበር። አንሶላም አብሮ። ኤችኦኤ ከሚሉት ከሰፈሩ ማኅበር ከነፎቶው ደብዳቤ መጣ። አንሱት፣ አለዚያ ትቀጣላችሁ የሚል። እሱንስ አነሳሁት። የባሰው የፋሲካ ዋዜማ ነው። ሜዳው ውስጥ ትንሽ ኩሬ አለ። ዳሩ ላይ ቄጤማ የመሰለ ሣር አይቼ ስለነበር ማልጄ ወርጄ ማጨድ ጀመርኩ። ጣሪያ ብቻ ባላት ትንሽ መኪና አንድ ሰው እየከነፈ መጣና ጮኸብኝ። ቄጤማውን ጥዬ ተመለስኩ። ማታ ልጄ «እማዬ፣ እባክሽ አታዋርጂኝ» አለኝ።

ከዚያ እህቴ አረፈች። ለአርባዋ መጣሁ፤ ይኸው ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ልጄ በየቀኑ ይደውላል። «ነይ፣ እዚያ ማን አለሽ? የማርቆሱን ቤት እንሽጥና እዚህ ምድር ቤቱን ለአንቺ ክፍል እናድርገው» ይላል። ቤቱ ከአባቱ ጋር በ1978 ዓ.ም. የሠራነው ነው። ጎረቤት ግማሹ «አብደሻል? ሰው ይህን ዕድል በስለት ይለምነዋል» ይለኛል። ግማሹ «የሰው አገር ምን ያደርግልሻል» ይላል። እውነት ለመናገር እዚህም እንደ ድሮው አይደለም። የቡና አጣጮቼ ግማሾቹ አፈር ገብተዋል፣ ግማሾቹን ልጆቻቸው ወስደዋቸዋል። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል። የደም ግፊት መድኃኒቴም አንዳንዴ ይጠፋል። ታዲያ ልመለስ ወይስ ልቅር? ቤቱንስ ምን ላድርገው?

የማርቆሷ እናት

መልስ

እትዬ፣ የእህትዎን ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት።

ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ተጠላልፏል። መሄድና መሸጥ አንድ አይደሉም። ልጅዎ አያይዞ ስለሚያነሳቸው እርስዎም አያይዘው ጻፉልኝ። መሄዱን ቀስ ብለን እናስብበታለን። ሽያጩ ላይ ግን ሳልሸፋፍን ልናገር፦ ቤቱን አሁን አይሽጡ። ሄዱም ቀሩም።

አንደኛ፣ ሐዘን ላይ ነዎት። ሁለተኛ፣ በ1978 የተሠራ ቤት እንደሚሆነው ነባር ይዞታ ከሆነ፣ ከ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወዲህ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው። ገዢ ይህን አስልቶ ነው ዋጋ የሚሰጥዎት። ነገ ቆጭቶዎት ሌላ ቤት ልግዛ ቢሉ ደግሞ በዚያው ሕግ ሊዝ ከፋይ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት። ልጅዎ ቢወርሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዝርዝሩን ማዘጋጃ ቤት ጎራ ብለው ይጠይቁ። ልጅዎ ይህን ጭራሽ ላያውቅ ይችላል።

ሦስተኛው በዚያ በኩል ያለው ነው። ገንዘብዎ ምድር ቤት ሆኖ ሲሠራ የሚገባው በእርስዎ ስም ባልተመዘገበ ቤት ውስጥ ነው። የባንክ ዕዳም ይኖርበታል ብዬ እገምታለሁ። ልጅዎን ጠርጥሬው አይደለም። ነገር ግን ቤት ይሸጣል፣ ሥራ ይቀየራል፣ ትዳርም ይናወጣል፤ ያኔ የእናት ድርሻ ብሎ ለይቶ የሚያስቀምጥ የለም። የጎልፍ ሜዳ ዳር ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዋጋው ላይ የሜዳው ዕይታ ተጨምሮበታል። ዕይታው የሚኖረው ክለቡ እስካለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከሚከፈተው የጎልፍ ሜዳ የሚዘጋው በልጦ ቆይቷል። ክለቡ ሲከስር ሜዳው አረም ይውጠዋል፣ ወይም ለቤት ሠሪ ይሸጥና ከጓሮዎ ፊት ለፊት የቤት ጣሪያ ይቆማል። የልጅዎ ሰፈር እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። የማርቆሱን ቤት በዚህ ላይ አያስይዙ ነው የምለው።

አከራዩት። አንዷን ክፍል ቆልፈው ለራስዎ ያስቀሩ። ውክልና የሚሰጡ ከሆነ ለማከራየትና ለማስጠበቅ ብቻ የሚል ይሁን፤ መሸጥ መለወጥ የሚል ቃል እንዳይገባበት ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት። አስተማሪ ነዎት፣ ሳያነቡ እንደማይፈርሙ አውቃለሁ፤ ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቸኩሎ ይፈርማል።

አሁን ወደ መሄዱ። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር አስተዋልኩ። መስኮቱ የተሰበረበትን ቀን ሲጽፉ ምጣዱን እንኳ አልረሱም፤ ጨዋታ አለው። በርበሬው ላይ ትንሽ ቆጣ ብለዋል። «አታዋርጂኝ» ጋ ሲደርሱ ግን አንዲት ቃል አልጨመሩም። ምን እንደተሰማዎት የለም። ምን እንደመለሱለት የለም። በቀጥታ ወደ እህትዎ ሞት አለፉ። እንደኔ እንደኔ ካዩት ሁሉ ልብዎ ውስጥ የቀረው እሱ ቃል ነው። እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፦ ልጅዎ ያን ቀን ማታ «እማዬ፣ ለቄጤማው አብሬሽ በወረድኩ ነበር» ቢልዎት ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብዎትም። ግን ቅሬታው ከቃሉ ከሆነ፣ ሜዳው የማርቆስ ሜዳ ቢሆንልዎትም አይለቅዎትም። ቅሬታው ከቦታው ከሆነ ደግሞ ልጅዎ አሥር ጊዜ ይቅርታ ቢጠይቅዎትም ቀኑ አይመሽልዎትም። ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት ነው የሚፈልጉት።

ለልጅዎ ጠበቃ ልቁም ብዬ አይደለም፤ ግን እርስዎ ያላዩት እሱን ያስደነገጠው ነገር ሊኖር ይችላል። ያ ሜዳ የክለቡ ንብረት ነው። ከጓሮ ጋር አጥር ስለሌለው የጋራ ይመስላል እንጂ ብዙ ቦታ ዳሩ ላይ ነጭ ችካል ተተክሏል፤ ከችካሉ ወዲያ የሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ በሰው ይዞታ ላይ የተገኘ የማይታወቅ ሰው፣ በተለይ ጥቁር ከሆነ፣ ያውም በጨለማ ማጭድ ይዞ ከታየ፣ ስልክ አንስቶ ፖሊስ የሚጠራበት አይጠፋም። ልጅዎ በዚያ ሰፈር ከጥቂቶቹ ጥቁሮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ከማኅበሩ ደብዳቤ መጥቶበታል። ፈርቷል፤ ፍርሃቱ ሲወጣ ሐፍረት ሆኖ ወጣ።

የጮኸብዎት ሰውዬም ተቆጥቶ ላይሆን ይችላል። የጎልፍ ኳስ 46 ግራም የማትሞላ ጠጣር ነገር ናት። በደንብ የተመታች እንደሆነ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። ሰው ፊት ላይ ካረፈች ዓይን ታጠፋለች። ኩሬ ያለበት ቦታ ደግሞ ኳስ የሚበዛበት ነው። እዚያ ሜዳ ላይ «ፎር!» የሚል ጩኸት ከሰሙ ስድብ እንዳይመስልዎት፣ ተጠንቀቁ ማለታቸው ነው። ያኔ ቀና ብለው አይዩ፤ ራስዎን በሁለት ክንድዎ ሸፍነው ጎንበስ ይበሉ። ትንሹን የልጅ ልጅዎንም ያስተምሩት። ኳሱን የምትለቅሙት ደግሞ ተጫዋች በሌለበት፣ ከችካሉ ወዲህ ብቻ ይሁን። ኩሬውን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። የሜዳው ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት በዝናብ ታጥቦ ወደዚያ ይወርዳል፤ ሰው የሚረግጠውና ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዝ ነገር ከዚያ ባይመጣ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምልዎት ግን «አታዋርጂኝ»ን ለማጠብ አይደለም። እናት ለፋሲካ ቄጤማ ስታጭድ ውርደት የለበትም። እሱም ልቡ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ የሚደውለው ለምን ይመስልዎታል?

መስኮቱን በተመለከተ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። በቀኝ እጁ የሚመታ ተራ ተጫዋች ኳሱ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ታፈነግጥበታለች። የመጀመሪያውን ምት ሁለት መቶ ሜትር ግድም ይልካታል። ስለዚህ ከመምቻው ቦታ በዚያ ርቀት፣ በቀኝ በኩል ያለ ቤት ፍዳውን ያያል። ኳስ በዘንቢል የሚሞላ ከሆነ የእናንተ ቤት እዚያ መስመር ላይ ነው ማለት ነው። ልጅዎ የተሰበረውን ፎቶ ያንሳ፣ ቀኑን ይመዝግብ፣ ለክለቡ በጽሑፍ ያሳውቅ። መምቻውን ትንሽ ማዞር፣ ዛፍ መትከል ወይም መረብ መወጠር የሚቻልበት ጊዜ አለ። መረቡን ራሱ ጓሮው ላይ ልወጥር ቢል ግን የማኅበሩን ፈቃድ አስቀድሞ ይጠይቅ። ካሳ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣሉ። እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ብዙ ጊዜ የቤቱ ሰነድ ላይ «ኳስ ሊመጣ እንደሚችል አውቄ ገዝቻለሁ» የሚል አንቀጽ አለ። መቺውም ተጠያቂ የሚሆነው በጥንቃቄ ጉድለት እንደሆነ ማሳየት ከተቻለ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ፈረንጆቹ ሕግ አድርገውታል ልበልዎት? ደግነቱ መስኮቱን የልጅዎ የቤት ኢንሹራንስ ሊሸፍነው ይችላል፤ ውሉን ይመልከት። እርስዎ ደግሞ የመክተፊያውን ቦታ ከመስኮቱ ፊት ያርቁት።

በርበሬው ቀላል ነው። የእነዚህ ማኅበራት ደንብ የተጻፈ ነገር ነው፤ ቤት ሲገዛ ለገዢው ይሰጣል። አብዛኛው ደንብ የሚያየው ከውጭ የሚታየውን ነው። በርበሬውን ጋራዥ ውስጥ ማራገቢያ ከፍተው ያስጡት፣ ማንም ፎቶ አያነሳዎትም። ልጅዎ ደንቡን ከፍቶ ከእርስዎ ጋር ይቀመጥ። ሁለታችሁም ምን እንደሚከለክል ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚፈቅድ ፈልጉ። ከቤቱ ጎን፣ ከሜዳው በማይታይ በኩል ሁለት መደብ ጎመንና ጤና አዳም ይፈቀድ ይሆን? ብዙ ቦታ ሲጠየቅ ይፈቀዳል። ሳይጠየቅ ሲተከል ነው ደብዳቤ የሚመጣው። ሜዳውን ራሱ በተመለከተም ጥያቄ አለኝ። አንዳንድ ክለቦች ጨዋታ ካለቀ በኋላ ማታ የሰፈሩ ሰው በእነዚያ ትንንሽ የጎልፍ መኪናዎች መንገድ ላይ እንዲራመድ ይፈቅዳሉ። ልጅዎ ጠይቆ ያውቃል? ምሽት ላይ ከእርስዎ ጋር ሃያ ደቂቃ ቢራመድ ለደም ግፊትዎም ደግ ነው፤ ብቻችሁን የምታወሩበት ሰዓትም ይገኛል።

አሁን ትንሽ ልከራከርዎት። ሰፈሩን «የጋራዥ በር» ብለው ዘጉት። እኔ ግን ከጻፉት ውስጥ ሌላም ነገር አነበብኩ። የቆየ ሰፈር ነው፣ ነዋሪው በዕድሜ የገፋ ነው ብለውኛል። አዲስ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ቀን ቀን ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ነፍስ አያገኙም። ይህ ሰፈር ግን ጡረተኛ የሞላበት ነው። እነሱም እንደ እርስዎ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፣ ባላቸውን ወይ ሚስታቸውን ቀብረዋል፣ ቀኑ ረዝሞባቸዋል። ኬክ ይዘው የመጡት ሴትዮ ደጅዎ ድረስ የመጡት ቤታቸው ሞልቶላቸው ይመስልዎታል? እርስዎ በር ላይ ሸኟቸው። ማርቆስ ላይ ቢሆን እንግዳ ከበር ይመለሳል? ቋንቋው ያስፈራል፣ ይገባኛል። ቡና ግን ብዙ ቃል አይፈልግም። ቢመለሱ የኬኩን ወረታ በቡና ይመልሱ። አንድ ቅዳሜ፣ ልጅዎ ባለበት፣ ጀበናውን ያቅርቡ። ለጢሱ መስኮት ከፈት ያድርጉ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ እንግዳዋም ጀበናውም ይደነግጣሉ። ሴትዮዋን ቢወዷቸው ጥሩ፣ ባይወዷቸውም አንድ ቡና ነው።

ሰንበትን ደግሞ ይያዙ። አትላንታ አካባቢ የኛ ሰው ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም አለ፤ በክላርክስተን በኩል እንጀራውም በርበሬውም የሚገኝባቸው ሱቆች አሉ። በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ቤተ ክርስቲያን የጻፉት ሜዳውን አቋርጦ የሚሄድ የለም ብለው ብቻ ነው። እዚያ ሳሉ ይሳለሙ ነበር? ማን ነበር የሚያደርስዎት? መኪና የማይነዳ ሰው እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ እጁን እንደታሰረ ነው፤ በእግር የሚደረስበት ሱቅ እንኳ የለም። ለመመለስ ከወሰኑ ቅድመ ሁኔታ አድርገው የሚያስቀምጡት ይህን ይሁን፦ በሳምንት አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ ሳይሰረዝ። ከምድር ቤቱ እድሳት የበለጠ የሚያኖርዎት ይኼ ነው።

ማርቆስንም እንዳለች እንያት። እርስዎ ራስዎ እንደ ድሮው አይደለም ብለዋል። እስቲ የትናንቱን ውሎዎን ያስቡ። ከማን ጋር ቡና ጠጡ? ማን ፈለገዎት? ማታ ቢያምዎት ማን በር ያንኳኳል? ዕድሩ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ አውቃለሁ። ግን ከስድስት ወር በፊት የመጡት ለለቅሶ ነው። ለቅሶ ሰው ይሰበስባል። ሰው ሲበተን ቤቱ ምን እንደሚመስል የሚታየው ይኼኔ ነው። መድኃኒቱም ሆነ መንገዱ የዋዛ ነገር አይደሉም። ለማንኛውም የሁለት ወር የደም ግፊት መድኃኒት ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ይኑርዎት፤ ሲያልቅ ሳይሆን ሲጋመስ ይግዙ።

አንድ የማይጠብቅ ነገር አለ፣ እሱም ግሪን ካርዱ ነው። ከአሜሪካ ውጭ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆዩ በካርዱ ብቻ ተመልሰው መግባት አይችሉም። ከስድስት ወር በላይ ሲሆንም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥያቄ ሊበዛብዎት፣ ለዜግነት የሚቆጠረውም ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል። እርስዎ ስድስተኛው ላይ ነዎት። ስለዚህ ለመወሰን ጊዜ አለዎት፤ ግን «እንዲያው ልየው» እየተባለ የሚከርም ጊዜ አይደለም። ወደዚያና ወደዚህ እያሉ መኖር የሚፈልጉ ከሆነ ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚባል ፈቃድ አለ። ቅጹ አይ-131 ይባላል። እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ማመልከት የሚቻለው ግን አሜሪካ ውስጥ ሆነው ነው። ከዚህ ሆኖ አይሆንም። ልጅዎ ለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ የጎረቤት ወሬ አይበቃም። ጨርሶ ላለመመለስ ከወሰኑም ችግር የለውም። ሳያስቡት ካርዱ ተበላሽቶ ቀረ ከሚሉ፣ አስበውበት ተዉኩት ቢሉ ይሻላል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ የሚቀሩትን ወራት ሳይጨርሱ ይመለሱና ለአንድ ክረምትና አንድ በጋ ይሞክሩት፤ ፈቃዱን እዚያ ሆነው ያመልክቱ፤ ቤትዎ ተከራይቶ ይጠብቅዎት። ከዚያ ደግመው ያስቡበታል። ግን ከልጅዎ ጋር ስለዚያ ቃል ሳይነጋገሩ ትኬት አይቁረጡ። በስልክ ይሁን፣ ስለ ቤቱ ሽያጭ በማይወራበት ቀን። ብዙ አያስረዝሙት። «ልጄ፣ ያን ቀን ማታ ያልከኝ ቃል አሞኛል። ቤትህ ውስጥ እንግዳ ነኝ ወይስ እናት? እንዳውቀው እፈልጋለሁ» ይበሉት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታውን እሱ ይሙላው፤ እናቶች እዚህ ጋ ነው ቶሎ ብለው «ግድ የለም፣ ተወው» የሚሉት። አይበሉት።

ሲነግሩት ግን እዚያ ቤት ምን እንደሠሩም ይንገሩት። ትንሹ ልጁ በአማርኛ እስከ መቶ የሚቆጥረው በእርስዎ ነው። ምናልባት አባትየው አያውቅም። ለሠላሳና አርባ ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ሁለት ተማሪ ማስተማር አያቅትዎትም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የአንድ ሰዓት ፊደል፣ በእርስዎ ደንብ፣ ማንም የማይገባበት። አስተማሪነትዎን ለማን እንደሰጡት እያወቁ ይውላሉ።

አንድ የቀረኝ ነገር ምራትዎ ናት። በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ አለች፤ ያውም ተኝታ። ቀኑን አንድ ጣሪያ ሥር ስትውሉ የነበራችሁት እርስዎና እሷ ናችሁ። ምድር ቤት ይሠራ የሚለውን እሷ ምን ትለዋለች? የቄጤማውን ነገር ስትሰማ ምን አለች? በሌሊት ሥራ ደክማ ስትገባ ወጥ ሠርቶ የሚጠብቃት ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏታል ወይስ በገዛ ወጥ ቤቷ ቦታ አጥታለች? አላውቅም፤ እርስዎም የሚያውቁ አልመሰለኝም። ስለዚህ ለልጅዎ ከመደወልዎ በፊት ለእሷ ይደውሉ። በእሷ ሰዓት፣ ከእንቅልፍ ስትነሳ። አትላንታ ከኛ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች እዚህ ወደ እኩለ ሌሊት ግድም ቢደውሉ ደህና ነው። ስለ ቤትም ስለ ጎልፍም አያንሱባት፤ እንዴት ነሽ፣ ሥራው እንዴት ያደርግሻል ብለው ይጠይቋትና የምትለውን ይስሙ። ከፈለጉ ከዚያ በኋላ ደግመው ይጻፉልኝ።